መዝገብ ያልያዘው ድንጋጤ፦ ከአማኑኤል እስከ እንጅባራ

የኢትዮጵያን የአእምሮ ሕክምና ታሪክ የሚጽፍ ሰው ብዙ ጊዜ የሚነሣው ከአንድ ግቢ ነው። ጣሊያን አገሪቱን በወረረበት ዘመን፣ በ1930 ዓ.ም. ገደማ፣ አዲስ አበባ ውስጥ ከመርካቶ ሳይርቅ ለአእምሮ ሕሙማን የተቋቋመው አማኑኤል ሆስፒታል ለዐሥርት ዓመታት በአገሪቱ ብቸኛው የአእምሮ ሆስፒታል ሆኖ ኖሯል። ከጎጃምም ሆነ ከባሌ፣ ከትግራይም ሆነ ከከፋ የሚነሣ ሕመምተኛ መድረሻው እዚያ ነበር። በአብዛኛውም ራሱ ፈልጎ አልመጣም፤ ዘመድ አስሮ ወይም ፖሊስ ይዞ ነው ያመጣው። የሚጮኸው፣ የሚማታው፣ ልብሱን የሚጥለው፣ ከቤት የሚጠፋው ሰው በዚህ መንገድ መዝገብ ላይ ሰፈረ።

በዚያው ዘመን ግን ሌላ ዓይነት ሕመምተኛም በየአውራጃው እንደ ነበረ መገመት አያዳግትም። ይህ ሰው እርሻውን ያርሳል፣ ገበያውን ይውላል፣ ከሰው ጋር ይነጋገራል። ከዕለታት አንድ ቀን፣ ምንም ባልተፈጠረበት ሰዓት፣ ልቡ ይደልቃል፤ ትንፋሽ ያጥረዋል፤ ላብ ያጠምቀዋል፤ ጣቶቹ ይደነዝዛሉ፤ ጉልበቱ ይከዳዋል። «አለቀልኝ» ይላል፤ አንዳንዱም «ላብድ ነው» ብሎ ይፈራል። ድንጋጤው በደቂቃዎች ውስጥ፣ ብዙ ጊዜ ዐሥር ደቂቃ ሳይሞላ፣ ከጫፍ ይደርስና ቀስ እያለ ይለቀዋል። ሰውየው አልሞተም፤ አላበደምም። ከዚያ ቀን በኋላ ግን ሁለተኛውን ይጠብቃል። ያ ነገር የያዘው ገበያ ላይ ከሆነ ገበያ መውጣት ይተዋል፤ አውቶቡስ ውስጥ ከሆነ መንገድ ይቀራል። ሐኪሞች ፓኒክ ዲስኦርደር፣ በአማርኛ የድንገተኛ ድንጋጤ ሕመም የሚሉት ይህንን ነው።

ማንም አስሮ ስላላመጣው የአማኑኤል መዝገብ አያውቀውም። ስለዚህ በአዊ ዞን፣ በእንጅባራና በዳንግላ ከተሞች፣ የዚህን ሕመም ታሪክ የሚፈልግ ሰው ከአንድ ሣጥን አያገኘውም። ከተጓዦች ማስታወሻ፣ ከሐኪሞች ጥናትና ከመንግሥት የጤና ዕቅዶች እየቃረመ መሄድ አለበት። ከዚህ በታች «ዓ.ም.» ያልተባለበት ዘመን ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር የተጻፈ ነው።

በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን የአዊ አገር አገው ምድር የሚባል አውራጃ ነበር፤ ዋና ከተማው ዳንግላ። ከተማዋ በውጭ ሰዎች ጽሑፍ ደኅና ስፍራ አላት፤ እንግሊዞች እዚያ ቆንስላ ነበራቸውና። ከ1925 እስከ 1934 ቆንስል የነበረው ሮበርት ቺዝማን በ1936 ያሳተመው መጽሐፍ ዛሬም በዓባይና በጣና ላይ ለሚሠሩ አጥኚዎች ምንጭ ነው። ቺዝማን የለካው ግን ወንዙንና ሐይቁን ነው። በዚያው ጊዜ፣ በ1932፣ ፈረንሳዊው ሚሼል ሌሪስ ከዳካር እስከ ጅቡቲ ከተጓዘው የጥናት ቡድን ጋር ጎንደር ተቀምጦ መልካም አያሁ በተባለች የዛር ባለሙያ ቤት የሚሆነውን በአባ ጄሮም አስተርጓሚነት በየቀኑ ይጽፍ ነበር። ስለ ዛር የጻፈው መጽሐፍ የወጣው በ1958 ነው። በዚሁ ዓመት ሳይመን ሜሲንግ የተባለ አሜሪካዊ አንትሮፖሎጂስትም የዛርን ማኅበር እንደ ቡድን ሕክምና የሚያይ ጽሑፍ አሳተመ።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ከእነዚህ ጽሑፎች ውስጥ የሚንቀጠቀጥ፣ ትንፋሽ የሚያጥረው፣ ልቡ የሚመታ ሰው እያወጡ «ይኸው ፓኒክ» ማለት ይቀላል፤ ትክክል ግን አይመስለኝም። ዛር የራሱ ሥርዓት፣ የራሱ ጨዋታና የራሱ ማኅበር ያለው ነገር ነው፤ የሞተን ሰው ደግሞ ማንም ሊመረምር አይችልም። ከሌሪስና ከሜሲንግ በልበ ሙሉነት የምንወስደው ሌላ ነው፤ በሰሜኑ አገር በድንገት የሚያዝ ሰው የሚሄድበት ቤት ነበረው። እዚያም ሰዎች ያዩታል፣ ለደረሰበት ነገር ምክንያት ይሰጡታል፣ ተመልሶ የሚመጣበትን ቀን ይነግሩታል። ጠበሉም እንዲሁ። ከአዊ ጎረቤት ያለው የግሽ ዓባይ ጠበል ከሩቅ አገር ሳይቀር ሰው የሚጎርፍበት ነው። ዘመናዊው ሕክምና ወደ አገው ምድር ሲደርስ ባዶ ሜዳ አልጠበቀውም።

ዘመናዊው ሕክምና ራሱስ ይህን ሕመም መቼ አወቀው? መልሱ የሚያስገርም ያህል ቅርብ ነው። በ1871 በፊላደልፊያ ይሠራ የነበረው ሐኪም ጄኮብ ዳ ኮስታ ከአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት የተመለሱ 300 ያህል ወታደሮችን መርምሮ ልባቸው እንደሚመታ፣ ደረታቸውን እንደሚወጋቸው፣ ትንፋሽ እንደሚያጥራቸው ጻፈ። የልብ ጉዳት ግን አላገኘባቸውም። በ1895 ሲግመንድ ፍሮይድ የጭንቀትን ሕመም ከሌላው የነርቭ ድካም ለየ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ደግሞ ቶማስ ሉዊስ እንግሊዝ ውስጥ ያንኑ የወታደሮች የልብ ምት እንደገና አጠና። ዳ ኮስታና ሉዊስ ልብን ይዘው ነው የተነሡት፤ ምክንያቱም ሕመምተኛው ራሱ ይዞላቸው የመጣው ልቡን ነው።

ነገሩ የተለወጠው በ1950ዎቹ መጨረሻ ኒው ዮርክ ውስጥ በሚገኘው ሂልሳይድ ሆስፒታል ነው። ታሪኩን የተረከው ዶናልድ ክላይን የተባለ የአእምሮ ሐኪም ነው፤ እኔም ትንሽ ልቆይበት፤ በኋላ ወደ አገራችን የሚመጣው ነገር ፍንጭ እዚህ አለና። በክፍሉ የተኙ አንዳንድ ሕሙማን በቀን ብዙ ጊዜ ወደ ነርሶቹ ጠረጴዛ እየሮጡ «ልሞት ነው» ይሉ ነበር። ነርሶቹ እጃቸውን ይዘው ያረጋጓቸዋል፤ ጥቂት ቆይቶ ያልፋል፤ ደግሞ ይመለሳል። ክላይን ያን ጊዜ አዲስ የነበረውን ኢሚፕራሚን የተባለ መድኃኒት አስጀመራቸው። ሳምንታት አለፉ። ሕሙማኑን ሲጠይቋቸው ለውጥ የለም ይላሉ፤ ሐኪሞቹም አላዩም። ያዩት የክፍሉ ነርሶች ናቸው፤ እነዚያ ሰዎች ወደ ጠረጴዛው መሮጥ አቁመዋል። ድንገተኛው ድንጋጤ ቀርቷል። «ደግሞ ይይዘኝ ይሆን?» የሚለው ስጋትና ብቻን ከቤት ለመውጣት መፍራት ግን እንዳለ ነበር።

ክላይን ከዚህ ሁለት ነገር ለየ፤ ድንገተኛው ጥቃት አንድ፣ ጥቃቱን መጠበቁ ሌላ። ይህ ልዩነት በ1980 በታተመው የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች ማኅበር ሦስተኛ የምርመራ መመሪያ ውስጥ ገብቶ ፓኒክ ዲስኦርደር ለመጀመሪያ ጊዜ ራሱን የቻለ ሕመም ተብሎ ሰፈረ። በ1986 ደግሞ እንግሊዛዊው የሥነ ልቦና ባለሙያ ዴቪድ ክላርክ ጥቃቱ እንዴት እንደሚባባስ የሚያስረዳ ሐሳብ አቀረበ። ልብ በቡና፣ በድካም፣ በሐሳብ ወይም ዳገት በመውጣት ትንሽ ፈጠን ይላል፤ ሰውየው ያንን የሞት ምልክት አድርጎ ይረዳዋል፤ ፍርሃቱ ልቡን የባሰ ያስመታዋል፤ የባሰው ምት ፍርሃቱን ያረጋግጥለታል። አካሉ ግን ከአደጋ ለመሸሽ የተሰጠውን ሥራ ነው የሚሠራው። ይህንን ጠንቅቆ ማስረዳት ራሱ የሕክምናው አንድ ክፍል ሆነ።

ወደ ኢትዮጵያ እንመለስ። ክላይን ጥናቱን በሚያሳትምበት በ1960ዎቹ ጥቂት የውጭ ሐኪሞች ከአማኑኤል አጥር ውጭ ያለውን ሕመምተኛ መፈለግ ጀምረው ነበር። ከ1964 እስከ 1966 የሰላም ጓድ ሐኪም የነበረው ፉለር ቶሪ ስለ ዛር ጻፈ። ከሁሉ የሚበልጠው ግን የሆላንዱ ሐኪም ሮበርት ጊል ሥራ ነው። ጊልና ባልደረቦቹ በ1968 ጊዮን ስለሚባለው የወሊሶ ከተማ የእምነት ፈውስ፣ በ1969 በአንዲት ትንሽ ከተማና በአንድ የገጠር መንደር ስለሚታየው የአእምሮ ሕመም፣ በ1974 ደግሞ በተመላላሽ ሕሙማን መካከል ስለሚገኘው የአእምሮ ሕመም ጥናቶች አሳተሙ። የጊል ጥያቄ ትክክለኛው ጥያቄ ነበር፤ ለሆድ፣ ለራስ ምታት ወይም ለልብ ብሎ ካርድ ከሚያወጣው ሰው መካከል የታመመው ሌላ ነገር የሆነው ስንቱ ነው? ይህ ጥያቄ ለዳንግላ ክሊኒክም የሚሆን ነበር። ከአብዮቱ በኋላ ግን ለረጅም ጊዜ የተከተለው ሰው ጥቂት ነበር።

አገልግሎቱ ወደ ክፍለ ሀገር የወረደው በነርሶች ነው። በ1987 አማኑኤል ሆስፒታል በዓለም ጤና ድርጅት ድጋፍ የአእምሮ ሕክምና ነርሶችን ማሠልጠን ጀመረ። የተመረቁት በየክፍለ ሀገሩ ወዳሉት ሆስፒታሎች እየተላኩ ክፍል ከፈቱ። በዚያን ጊዜ የአእምሮ ሐኪም በጣት የሚቆጠር፣ እሱም አዲስ አበባ የሚገኝ ነበር፤ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከካናዳው የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ጋር ተባብሮ የአእምሮ ስፔሻሊስቶችን እዚሁ አገር ማሠልጠን የጀመረው በ2003 ነው። በመካከሉ ባሉት 16 ዓመታት ከዋና ከተማው ውጭ መድኃኒት የጻፈውም፣ ቤተሰብ የመከረውም፣ ቀጠሮ የያዘውም በአብዛኛው ነርሱ ነው። በእኔ አስተያየት የአገሪቱ የአእምሮ ሕክምና ታሪክ ለእነዚህ ሰዎች የሚገባቸውን ስፍራ ገና አልሰጣቸውም። በአንድ ጠባብ ክፍል፣ በአንድ ጠረጴዛ፣ ብዙ ጊዜም መድኃኒት እያለቀባቸው የአንድን ሰፊ አገር ሸክም ተሸክመዋል።

ነርሶቹ ጋ የደረሰውስ ማን ነው? እዚህ ላይ በ1990ዎቹ በእነ ዶክተር አታላይ ዓለም፣ ዶክተር ደረጀ ከበደና ዶክተር መስፍን አርአያ የተሠሩት የቡታጅራ ጥናቶች ቁልፍ ናቸው። በ1999 በወጣ አንድ ጥናት 100 የአካባቢው ነዋሪዎች የአእምሮ ሕመም ምልክት ምን እንደሆነ ተጠይቀው ነበር። በብዛት የጠቀሱት ብዙ መናገርን፣ መማታትንና እንግዳ ጠባይን ነው። ለእንዲህ ያለው ሕመም ባህላዊውን ሕክምና፣ ለአካል ሕመም ዘመናዊውን እንደሚመርጡም ተናገሩ። ይህን ካወቅን ልቡ የሚመታበት ሰው የት እንደሄደ ግልጽ ነው። እሱ አይማታም፣ ብዙ አይናገርም፤ እንዲያውም ዝም ይላል። ጎረቤቱ የአእምሮ ሕመምተኛ አይለውም፤ እሱም ራሱን አይልም። ልቡ ስለታመመ ለልቡ ይታከማል።

መኖሩ ግን በቁጥር ታይቷል። በዚያው ዓመት በታተመ ሌላ የቡታጅራ ጥናት 501 ሰዎች በአማርኛ በተዘጋጀ ዝርዝር መጠይቅ ሲጠየቁ ከመቶ 5.7 የሚሆኑት በሕይወታቸው ከጭንቀት ሕመሞች አንዱ እንደያዛቸው ተገኘ። ይህ ፓኒክን ብቻ ሳይሆን ሌሎቹንም የፍርሃት ሕመሞች የሚጨምር ነው። በ25 አገሮች የተካሄዱ የዓለም ጤና ድርጅት ጥናቶችን አንድ ላይ ያየው በ2016 የታተመ ሥራ ደግሞ ለጉዳያችን የቀረበ ነገር ይነግረናል። ከመቶ 13.2 የሚሆነው ሰው ቢያንስ አንድ ጊዜ የድንጋጤ ጥቃት ደርሶበታል፤ ሕመሙ ጸንቶበት ፓኒክ ዲስኦርደር የሆነበት ግን ከመቶ 1.7 ነው። አንድ ጊዜ የተያዘ ሁሉ ሕመምተኛ እንዳልሆነ ማወቅ ለፈራ ሰው ትልቅ እረፍት ነው።

የመንግሥት ዕቅዶችስ? በ1990ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በመጀመሪያ በያዛቸው 16 ጥቅሎች ውስጥ የአእምሮ ጤና አልነበረም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2008 በጀመረው መርሐ ግብር ጤና ጣቢያዎች የአእምሮ ሕመምን እንዲያክሙ ተወሰነ፤ ኢትዮጵያም ከቀደሙት አገሮች ተሰልፋ በ2012 ብሔራዊ የአእምሮ ጤና ስትራቴጂ አወጣች። ትልቅ እርምጃ ነበር። ይሁን እንጂ ድርጅቱ ለጤና ጣቢያ ሠራተኛ በ2010 ያዘጋጀው መመሪያ ለድብርት፣ ለከባድ የአእምሮ ሕመም፣ ለሚጥል በሽታ፣ ለመጠጥ ሱስ ምዕራፍ ምዕራፍ ሲሰጥ ለጭንቀት ሕመሞች የራሳቸውን ምዕራፍ አልሰጠም። ጭንቀት የራሱን ክፍል ያገኘው በ2023 በታደሰው መመሪያ ነው። ስለዚህ ከዚያ በፊት የሠለጠነ አንድ የዳንግላ ጤና መኮንን ልቡ የሚመታበትን ወጣት «ምንም የለብህም» ብሎ ቢያሰናብት ስሕተቱ የእሱ ብቻ አልነበረም፤ የተሰጠው መጽሐፍም ዝም ብሎ ነበር።

ከ1983 ዓ.ም. በኋላ በመጣው አስተዳደር አዊ የብሔረሰብ ዞን ሆኖ ዋና ከተማው እንጅባራ ሆነ፤ የቀድሞዋ ኮሶበር። ዛሬ እንጅባራ አጠቃላይ ሆስፒታል፣ ዳንግላ የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል አላቸው፤ ሁለቱም ከተሞች ከአዲስ አበባ ደብረ ማርቆስን አልፎ ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ ናቸው። ለከባድ ጉዳይ ባሕር ዳር ፈለገ ሕይወትና ጥበበ ግዮን አሉ። ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ወደ አማኑኤል መጓዝ የግድ የነበረበት ዘመን አልፏል። መንገዱ በሰላም ጊዜ አጭር ነው፤ ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል በቀጠለው ግጭት ግን በየጊዜው ተዘግቷል፤ ቀጠሮም መድኃኒትም አብሮ ይቋረጣል።

ስለ ግጭቱ አንድ ነገር መለየት አለብኝ። በ2013 ዓ.ም. ከመተከል ተፈናቅለው ቻግኒ አጠገብ ራንች በተባለው መጠለያ የሰፈሩ ሰዎች ያዩትን አይተው ነው የመጡት። ተኩስ ሲሰማ መደንገጥ ሕመም አይደለም፤ ያለፈውን እየደጋገሙ በሕልምና በውን ማየት ደግሞ ከፓኒክ የተለየ፣ የራሱ ሕክምና ያለው ሕመም ነው። ፓኒክ የምንለው አደጋ በሌለበት፣ ሳይታሰብ የሚደጋገመውን ነው። ሁለቱ በአንድ ሰው ላይ ሊገናኙ ይችላሉ፤ ስለዚህ የሚጠይቀው ባለሙያ የደረሰበትን ሁሉ መስማት አለበት።

ከልብ መጀመሩ ደግሞ ስሕተት አይደለም። በአገራችን በጉሮሮ ሕመም ተነሥቶ ልብን የሚጎዳው የሩማቲክ በሽታ ብዙ ወጣቶችን ይይዛል። እንቅርት በደጋው ጎጃም የታወቀ ነው፤ ዕጢው ከመጠን በላይ ሲሠራ ልብን ያስመታል፣ እጅን ያንቀጠቅጣል፣ ያልባል። ደም ማነስም እንዲሁ ትንፋሽ ያሳጥራል። ጫትና ብዙ ቡና ምቱን ያባብሳሉ። ስለዚህ ልብን ማዳመጥ፣ ደም መመርመር፣ ካለም የልብ ኤሌክትሪክ ምርመራ ማድረግ ተገቢ ነው። ችግሩ የሚመጣው ውጤቱ ደኅና ሲሆን ነው። ሕመምተኛው «ደኅና ነህ» ይባላል፤ በሳምንቱ ደግሞ ይያዛል፤ ሌላ ክሊኒክ ይሄዳል፤ እንደገና ይመረመራል። በሬ ሸጦ ባሕር ዳር፣ ተበድሮ አዲስ አበባ የሚደርስ አለ። በዚህ ሁሉ ጊዜ የሚያሳዝነው መድኃኒቱ ሩቅ አለመሆኑ ነው።

የሚረዳው ሁለት መንገድ ነው፤ በአንድነትም በየብቻም ይሰጣል። አንደኛው ንግግር ነው። ባለሙያው ጥቃቱ እንዴት እንደሚነሣና እንደሚያልፍ ያስረዳል፤ ትንፋሽን ቀስ አድርጎ ማውጣትን ያለማምዳል፤ ከዚያ ሕመምተኛው የሸሸውን ቦታ በጥቂት በጥቂቱ እንዲመለስበት ያደርጋል። መጀመሪያ ከሰው ጋር እስከ ገበያው ዳር፣ ቀጥሎ ገበያው መካከል፣ በመጨረሻ ብቻውን። የሂልሳይድ ሕሙማን እንዳሳዩት ጥቃቱ ቢቀርም ስጋቱ ብዙ ጊዜ የሚለቀው በዚህ ልምምድ ነው። ሁለተኛው መድኃኒት ነው፤ ፍሉኦክሰቲንና ሰርትራሊን የመሳሰሉት ዛሬ ይመረጣሉ፣ የቆዩት ኢሚፕራሚንና አሚትሪፕቲሊንም ያገለግላሉ። ለውጣቸው ከሳምንታት በኋላ ነው የሚታየው፤ በመጀመሪያዎቹ ቀናት መረበሽ ሊጨምሩ ስለሚችሉ በትንሽ መጠን ይጀመራሉ። ብዙ ሰው «አልሠራልኝም» ብሎ የሚተወው በዚህ ጊዜ ነው። ዳያዜፓም ወዲያው ያረጋጋል፤ ነገር ግን ሰውነት ስለሚለምደው ለረጅም ጊዜ የሚወሰድ አይደለም፤ ከፋርማሲ በራስ ፈቃድ ገዝቶ መዋጥ ሌላ ችግር ይጨምራል።

ጠበል የሚሄደው ሰው መድኃኒቱን መተው አለበት? እዚህ ላይ ከእንጦጦ የተገኘ መልካም ማስረጃ አለ። በእንጦጦ ማርያም ጠበል የሃይማኖት አባቶችና የአእምሮ ሐኪሞች ተባብረው ሕሙማንን ጠበሉንም መድኃኒቱንም እንዲወስዱ ማድረጋቸው በ2021 በታተመ ጥናት ተገልጿል። አዲስ አበባ ላይ የተቻለው በግሽ ዓባይ ዙሪያና በአዊ ጠበሎችም የማይቻልበት ምክንያት አይታየኝም። ካህኑ «መድኃኒትህን አታቋርጥ» ቢል ከማናችንም ይልቅ ይሰማል።

እንግዲህ እንጅባራ ወይም ዳንግላ ሆኖ ይህን ያነበበ፣ ራሱንም በዚህ ውስጥ ያገኘ ሰው ልቡ ተመርምሮ ደኅና ከተባለ በኋላ አንድ ጥያቄ ጨምሮ ይጠይቅ፦ «ዶክተር፣ ይህ የድንገተኛ ድንጋጤ ሕመም ሊሆን ይችላል? የአእምሮ ሕክምና ክፍላችሁ የትኛው ነው?» ወደዚያ ሲገባ ስንት ጊዜ እንደያዘው፣ ምን ያህል ደቂቃ እንደቆየ፣ በዚያ ምክንያት የትኛውን ቦታ እንደተወ ይንገር፤ የሚጠጣውን ቡና፣ ጫትና አልኮል ሳይደብቅ። ራስን የማጥፋት ሐሳብ ካለ ያንን ከሁሉ አስቀድሞ ይናገር፤ ይህ ቀጠሮ የሚጠብቅ ነገር አይደለም። ዘመድ አብሮ ቢገባ ይጠቅማል፤ በተለይ ልምምዱ ሲጀመር እስከ ገበያው ዳር የሚሄደው እሱ ስለሆነ። መድኃኒት ከተጀመረም ከተሻለው በኋላ ብዙ ጊዜ ለአንድ ዓመት ያህል ይቀጥላል፤ የሚቆመውም በአንድ ቀን ሳይሆን ከጻፈው ባለሙያ ጋር ተመካክሮ በጥቂት በጥቂቱ እየተቀነሰ ነው።